«ስህተት አለ» ያለው የጎተራ ጠባቂ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። የዘር ጤፉን ጎርፍ ወሰደበት። ከአገሩ የዘር ጎተራ እንዲሰጠው ዳኛው ፈቀዱለት፤ ደብዳቤውን የደብሩ መሪጌታ ጻፉለት። ሐምሌ ነው፤ እርሻው ለስልሶ ዘር ይጠብቃል። ግማሽ ቀን ተጉዞ ጎተራው ደረሰ።

ጠባቂው ወረቀቱን አየና «ስህተት አለ» አለው።

«ምኑ ላይ፣ ጌታዬ?»

«ስህተት አለ አልኩህ።»

ገበሬው ፊደል አልቆጠረም። ማኅተሙ ደብዝዞ ይሆናል ብሎ ተመለሰ፤ ዳኛውን ደጅ ጠንቶ ማኅተሙን በአዲስ አስመታ። «ስህተት አለ» ተባለ። ወረቀቱ ቆሽሾ ይሆናል ብሎ በንጹሕ አስገለበጠ። አሁንም «ስህተት አለ» ተባለ። ነሐሴ ተጋመሰ። ሚስቱ «እርሻው አረም በላው። ጎተራው ዘንድ ሌላ ሚስት አለችህ እንዴ?» አለችው። እሱ ግን ያጠፋውን አያውቅም።

በአራተኛው ጉዞ ወረቀቱን ደጁ ላይ ዘረጋና የጠባቂውን እጅ ያዘ።

«ጣትዎን ያሳርፉበት። ሌላ አልለምንም።»

ጠባቂው እያጉረመረመ ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። «የጎተራው መዝገብ ደምለው ይላል፤ ወረቀትህ ወልደ ሰንበት።»

«ሁለቱም እኔ ነኝ። ደምለው እናቴ ያወጣችልኝ፣ ወልደ ሰንበት የክርስትና ስሜ። መሪጌታ በሚያውቁት ጻፉት።»

«መዝገቡ አያውቀውማ።»

«ይህን መቼ አዩት?»

«የመጀመሪያ ቀን ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስህተት አለ አላልኩህም?»

ስሙን ለማስተካከል ምራቅ የመዋጥ ያህል ጊዜ አልፈጀም። ዘሩ ግን ዘግይቶ መሬት ገባ፤ ፍሬ ሳይቋጥር የጥቅምት ውርጭ ጨረሰው። ቤተሰቡ ያን ዓመት ገለባ አጨደ።

እንግዲህ አንተ የልጅ ልጄ፣ «ዳታቤዙን ሲያዋቅሩ ለተሳሳቱ ሰዎች ‹የማዋቀር ስህተት› ካልኳቸው አይበቃም ወይ? የቀረውን ራሳቸው ይፈልጉት» ብለህ ጠየቅኸኝ። ዳታቤዝህን አላውቀውም፤ የመረጃ ጎተራ ነው ብለኸኛል። ጠባቂው አንተ ነህ። የትኛው ቃል እንደተሳሳተ፣ መዝገቡም ምን ይጠብቅ እንደነበር ማሽንህ አይቶታል፤ አይቶ ነው በሩን የዘጋው። ታዲያ ጣትህን ማሳረፍ ምኑ ከበደህ? «እዚህ መስመር ላይ ይህን ጽፈሃል፤ የሚፈለገው ያኛው ነው» በለው። ሳያውቅ ዝም ያለውን እግዜር ይምረዋል። አውቆ «ስህተት አለ» እያለ ሰው የሚያመላልሰውን ግን እኔ እንኳ አልምረው።