ለድሆች ተብሎ የተዘጋው ወፍጮ

«አንድ ሰው ነበረ» አሏት መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ።

የጠየቀቻቸው ማስተዋል የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። አሁን የምክር ቤት አባል ሆናለች። ሁለቱ ፓርቲዎች በበጀቱ አልስማማ ብለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተዘጉ ሰንብተዋል። የእሷ ፓርቲ «ለድሆች የሚሰጠው የሕክምና ድጎማ ካልቀጠለ በጀቱን አናጸድቅም» ብሏል። ሌላው ፓርቲ «መጀመሪያ መሥሪያ ቤቶቹ ይከፈቱ፤ ስለ ድጎማው ኋላ እንነጋገራለን» ይላል። ይባስ ብሎ በራሷ ፓርቲ ውስጥ ጠብ ተነስቷል። አንከፍትም የሚሉት እንክፈት የሚሉትን ከሃዲ ይሏቸዋል፤ እንክፈት የሚሉት ደግሞ እነዚያን ጨካኝ ይሏቸዋል። የእሷ ድምፅ ነገሩን ወደ አንዱ ወገን ሊያጋድለው ይችላል። «የኔታ፣ ከወገኖቼ ተለይቼ እጄን ባወጣ ከሃዲ ነኝ?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

መሪጌታ ቀጠሉ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ሀብታም አይደለም፣ ድሃም አይደለም። አንድ በሬ ነበረው። ታላቅ ወንድሙም አንድ በሬ ስለነበረው ሁለቱን እያቀናጁ የሁለቱንም እርሻ ያርሱ ነበር። በአገራቸው «ላይ ሰፈር» እና «ታች ሰፈር» የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች ነበሩ፤ ወንድማማቾቹ የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። በሰፈሮቹ መካከል ወንዝ ይወርዳል። በወንዙ ዳር የሁለቱም ሰፈር አባቶች ተባብረው የሠሩት የውሃ ወፍጮ ነበር። አባቶቹ አንዱ ሰፈር ሌላውን ትቶ ብቻውን እንዳያዝበት ብለው፣ ውሃውን ወደ ወፍጮው በሚለቀው በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር አደረጉበት። የአንዱን ቁልፍ ላይ ሰፈር ይይዛል፣ የሌላውን ታች ሰፈር ይይዛል። ሁለቱም ካልተከፈቱ ወፍጮው አይዞርም።

በየዓመቱ እህል ሲገባ ሽማግሌዎች ይቀመጡና ማን በየትኛው ቀን እንደሚያስፈጭ፣ ስንት የማስፈጫ እህል እንደሚሰጥ፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ ይዋዋላሉ። እስኪዋዋሉ ድረስ በሩ ይቆለፋል። ብዙ ጊዜ ለምሳ ሳይደርሱ ጨርሰው ይነሱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዝናብ ጠፍቶ ስለነበር፣ መሬት የሌላቸው ሰዎችና ጧሪ የሌላቸው አዛውንት ያለ ማስፈጫ ክፍያ ያስፈጩ ተብሎ ነበር። ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ግን ላይ ሰፈሮች «ዝናቡ ተመልሷል፤ የወፍጮው ድንጋይ አልቋል፤ ሁሉም እንደ ድሮው ይክፈል» አሉ። ታች ሰፈሮች «ዝናቡ የተመለሰው መሬት ላለው ነው» ብለው መለሱ። ላይ ሰፈሮች ክፉዎች አልነበሩም። ቦዩ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ውስጥ ገብተው የሚጠርጉት እነሱ ናቸው፤ ድካማቸውን ያየላቸው አልነበረም። ታች ሰፈሮችም ነገር ፈላጊ ሆነው አልነበረም። መሬት አልባው የበዛው በእነሱ ሰፈር ነው።

ሳይስማሙ ቀሩ። ላይ ሰፈሮች የእነሱን ጓጉንቸር ከፈቱና «እኛ ከፍተናል፤ ወፍጮውን የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። ታች ሰፈሮች «እንድንዘጋ ያደረጋችሁን እናንተ ናችሁ» አሉ። የታች ሰፈርን ቁልፍ የያዘው ያ ገበሬ ነበር። የሰጡት ከማንም ጋር የማይጣላ ሰው ስለሆነ ነው።

ወፍጮው እንደተዘጋ ሰነበተ። አህያ ያላቸው ጭነው የሞተር ወፍጮ ወዳለበት ከተማ ወሰዱ፤ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ዱቄት አላጡም። አህያ የሌላቸው ሴቶች ትተውት የነበረውን የእጅ ወፍጮ አጥበው መፍጨት ጀመሩ። ያም የሌላቸው ንፍሮ እየቀቀሉ በሉ። በወፍጮው የሚተዳደረው ወፍጮ ጠባቂ ሚስትና ልጆቹን ቤት ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ ወጣ። እሱን አንዱም ሰፈር አላማከረውም ነበር።

ነገሩ ሲቆይ እያንዳንዱ ሰፈር በውስጡ ተሰነጠቀ። በላይ ሰፈር ጥቂቶቹ «የአንድ ባልቴት እህል ምን ያጎድልብናል? እሺ እንበላቸው» ሲሉ፣ ሌሎቹ «ዛሬ እሺ ካልን በየዓመቱ ይዘጉብናል» አሉ። በታች ሰፈር ደግሞ እንክፈት ያለ ሰው በሠርግ ቤት ወንበር የሚለቅለት ጠፋ። አንከፍትም የሚሉትን የሚመራው የገበሬው ታላቅ ወንድም ነበር።

አንድ ቀን ገበሬው በልጅነቱ አዝለው ያሳደጉትን ባልቴት አጥር ሊጠግንላቸው ሄደ። ሲገባ በእጅ ወፍጮ እየፈጩ አገኛቸው። የእጃቸውን አንጓ በጨርቅ አስረውታል።

«እማማ፣ ጎረቤት አያግዝዎትም?» አላቸው።

«ያግዙኝ ነበር። አሁን ሁሉም በየቤቱ ይፈጫል። ከማን ተርፎ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው?»

«ወፍጮውን የዘጋነው እኮ ለእርስዎና እንደ እርስዎ ላሉት ብለን ነው።»

ባልቴቷ መጁን አቆሙና ቀና ብለው አዩት። «ሰምቻለሁ ልጄ። አስባችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እስከ መቼ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ክንዴን ልጠይቀው ፈልጌ ነው፣ እስከዚያ ይችል እንደሆነ።»

አጥሩን ጠግኖ ወጣ።

በመንገድ አንድ ሸማኔ አገኘው። መሬት የሌለው፣ ልጆች የበዙበት ሰው ነው። ገበሬው «ልክፈተው ይሆን?» ብሎ የልቡን ቢነግረው ሸማኔው ቆመና «እንዳትከፍት» አለው። «ልጆቼን ንፍሮ ብቻ እያበላሁ ነው የቆየሁት። ዛሬ ባዶ እጃችንን ከተመለስን፣ ይህን ሁሉ የቻልነው ለምን ነበር?»

በዚያው ተለያዩ።

ገበሬው እንቅልፍም እህልም አልጥም አለው። ባልቴቷም ሸማኔውም እውነት ነበራቸው፤ ለአንዱ ሲያዝን ሌላውን የረሳ ይመስለው ነበር። በመጨረሻ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ላይ ሰፈሩ ሽማግሌ ቤት ሄደ።

«ብንከፍት ስለ ድሆቹ ትቀመጣላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው አሰቡ። «በማግስቱ እንቀመጣለን። ምን እንደምንወስን ግን ቃል አልሰጥህም። የእኔም ሰዎች ተከፋፍለዋል። ከዚህ በላይ ብነግርህ ዋሽቼህ ነው።»

እሑድ የታች ሰፈር ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ገበሬው ተነሳና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ያዘው።

«እኔ ይህን በር ከአሁን በኋላ መዝጋት አልችልም» አለ። «ላይ ሰፈሮች እንቀመጣለን ብለዋል፤ እንሰጣለን ግን አላሉም። አልደብቃችሁም። ቁልፉ የእናንተ ነው። ከእናንተ መካከል ይዞት በሩን ሊዘጋ የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ከእጄ ይውሰደው። የሚወስድ ከሌለ ሄጄ እከፍታለሁ።»

ከሰዉ መካከል አንዱም እጁን አልዘረጋም። ታላቅ ወንድሙ ብቻ ተነሳ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ከእጅህ ብንነጥቅህ እርስ በርሳቸው ተናጠቁ ይሉናል፤ ይህን አውቀህ ነው» አለው። «ሊሰጡን ትንሽ ሲቀራቸው ነው የምታፈርሰን።»

«ትንሽ እንደቀራቸው በምን አወቅክ?»

«እንዳልቀራቸውስ አንተ በምን አወቅክ?»

«አላወቅኩም» አለ ገበሬው። «የማውቀው የእማማን እጅ ነው።»

«እንግዲያው ብትከፍት በሬዬን ከበሬህ ጋር አላቀናጅም።»

ገበሬው ወንድሙን አየው። አንድ ላይ ነው ያደጉት፤ ያለውን እንደማያጥፍ ያውቃል። ወደ ወንዙ ወረደና ጓጉንቸሩን ከፈተ።

ውሃው ተለቀቀ፤ ድንጋዩ ዞረ። ሴቶች ስልቻቸውን ተሸክመው መጡ። ወፍጮ ጠባቂው ከቀን ሥራው ተመለሰ። ሸማኔውም መጣ፤ ገበሬውን ሰላም ሳይለው አልፎ፣ አስፈጭቶ፣ ዱቄቱን ይዞ ሄደ። ላይ ሰፈሮች እንዳሉት በማግስቱ ተቀመጡ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተከራከሩና እንቢ የሚሉት በጥቂት ሰው በልጠው ተነሱ። ድሃውም እንደ ሌላው እንዲከፍል ሆነ።

ታች ሰፈሮች ገበሬውን «ይኸውልህ» አሉት። አልተከራከራቸውም። በሬው ብቻውን ስለቀረ ማሳውን በዶማ እየቆፈረ ጥቂት ዘራ፤ የቀረው መሬት ጦሙን አደረ። ሚስቱ «ለሌላው ብለህ ቤትህን ጎዳህ» አለችው። እሷንም አልተከራከራትም።

ከዚያ በኋላ የባልቴቷን ማስፈጫ ሊከፍል ከጥቂቷ እህሉ ሰፍሮ ወደ ወፍጮው ሄደ። ወፍጮ ጠባቂው አልቀበልም አለው።

«ተከፍሏል» አለው።

«ማን ከፈለ?»

«ወንድምህ። ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የእሳቸውንም የሸማኔውንም እሱ ነው የሚከፍለው። እንዳልናገር ነግሮኝ ነበር።»

ገበሬው እህሉን እንደያዘ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ወንድሙ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርብ ነበር። አይቶት ሥራውን ቀጠለ።

«አንከፍትም ስትል ለእነሱ ብለህ ነበር» አለው ገበሬው።

«ለእነሱ ነበር። አንተ አሁንም ተሳስተሃል።»

«ይሆናል።»

ወንድሙ ሞፈሩን አስቀመጠና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። ሚስቱን ጠርቶ ጠላ አስቀዳ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠጡ። ስለ ወፍጮው በዚያን ቀን አልተስማሙም፤ እስኪያረጁም አልተስማሙም።

በተከታዩ ዓመት ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ላይ ሰፈሮች ጧሪ የሌላቸው አዛውንት ያለ ማስፈጫ ያስፈጩ ብለው ተቀበሉ። መሬት አልባው ግን ይክፈል አሉ። ግማሹ ሰው «የመጣው አንከፍትም ብለን ስለጸናን ነው፤ ባንከፍት ሁሉንም እናገኝ ነበር» ይላል። ግማሹ «የመጣው ስለከፈትንና ፊት ለፊት መነጋገር ስለቻልን ነው» ይላል። የትኛው ትክክል እንደሆነ እኔም አላውቅም።

መሪጌታ እዚህ ላይ ቆሙና ወደ ማስተዋል ዞሩ።

«ወፍጮው ያንቺ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፣ ልጄ። ሁለቱ ጓጉንቸሮች ሁለቱ ፓርቲዎቻችሁ ናቸው። ቁልፉ ደግሞ የምታወጪው ወይም የማታወጪው እጅሽ ነው።»

«እንግዲያው ክፈቺ እያሉኝ ነው፣ የኔታ?»

«አላልኩም። የጠየቅሽኝ ከሃዲ ነኝ ወይ ብለሽ ነው፤ የምመልስልሽም እሱን ነው። ገበሬው ከወገኑ ተለየ፤ ነገር ግን ነግሯቸው ነው የሄደው፣ ጉዳቱንም በራሱ እርሻ ላይ ተቀበለ። ወንድሙ ካለበት አልተነቃነቀም፤ ግን የእልሁን ዕዳ ለባልቴቷ ትቶላት አልሄደም። እኔ ከሁለቱ አንዱንም ከሃዲ ማለት አልችልም። እህሉን በአህያ ጭኖ ከተማ እያስፈጨ፣ ዋርካው ሥር ስለ ጽናት የሚናገር ሰው አልነበረም ብለሽ ታስቢያለሽ? ነበረ። መክፈትንም የሚሰብክ እንደዚያው ዓይነት ሰው ነበረ። ስለ ድሃው ሲከራከሩ ከድሃው ጋር ምንም ያልጎደለባቸው እነዚያ ናቸው የካዱት።»



«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ» አሏት መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መሥሪያ ቤቶቹ ከተዘጉ ወዲህ ጸሐፊውም፣ ነርሷም፣ ዘበኛውም ደመወዝ አላገኙም ብለሽኛል። ያንቺስ ቀርቷል?»

«የእኛ አልቀረም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ከዚያ ጀምሪ፣ ልጄ፤ ለእነሱ ሳይከፈል ያንቺን አትቀበዪ» አሏት። «እሱን ካደረግሽ በኋላ እጅሽን ብታወጪም ባታወጪም፣ ዓይናቸውን እያየሽ ምክንያትሽን ልትነግሪያቸው ትችያለሽ።»