የአንጓች ጨፌ

ከአስታው ዛፍ በላይ፣ ጅብራ ብቻ በሚቆምበት ብርድ አገር፣ የአንጓች ጨፌ የሚባል ረግረግ አለ። ከዓለቱ ሥር የሚፈልቀው ውሃ ዝገት የመሰለ ቀይ ነው፤ በጨፌው ውስጥ አልፎ ከታች ሲወጣ ግን ጥርት ያለ፣ የሚጣፍጥ ነው።

አባቶች እንደሚሉት አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልነበራት ሴት ነበረች፤ ጎጆዋ ከጨፌው ዳር ለብቻው ነበር። ውርጭ ገብሱን በፈጀበት ዓመት የታችኛው መንደር ሰዎች ወጥተው፣ ቦይ ቆፍረው፣ ረግረጉን አንጠፍጥፈው፣ ጥቁሩን አፈር ገብስ ዘሩበት፤ ገብሱም ሰው የሚሰውር ሆነ ይባላል። በሁለተኛው ዓመት ግን አፈሩ ደርቆ ኮሰመነ፣ እሳት ሲነካውም ከውስጥ እየጤሰ ከረመ፤ የመንደሩ ምንጭ ቀልቶ መረረ፣ ከብቱም እያሸተተው ይመለስ ጀመር።

አንጓች ወረደች። «ውሃው እኮ አልተኛም። ድሮ ከሣሩ ሥር ተኝቶ፣ ዝገቱን ጥሎ ነበር የሚወርድላችሁ። ቦዩን ድፈኑት» አለቻቸው።

ቦዩን ያስቆፈረው ደምለው የሚባል ባለጸጋ ሳቀባት። «እንግዲህ ለውሃ አልጋ እንዘርጋለታ! ይልቅ አንቺ ዓይንሽን ከምንጫችን ላይ አንሺልን።»

ይህች ቃል ተያዘች። ውሃውን ያበላሸው ዓይኗ ነው ተባለና፣ ማንም እንዳያነጋግራት ተማማሉ። መንገድ ላይ «እንደምን ዋላችሁ» ስትል ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር።

እንደሚነገረው ተመልሳ ወጣችና ሣሩን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ እየቆረጠች፣ በጀርባዋ እያዘለች ቦዩን ትደፍን ጀመር። እርሻው ከከዳቸው ወዲህ የሚከለክላት አልነበረም፤ የሚያግዛትም የለ። ጎንበስ ቀና ስትል ከታች ሆነው ያዩዋታል፣ ይኸው ነው።

ዓመታት አለፉ። ፊላው በቀለ፣ ጋጋኖ የሚሉት ወፍ ተመለሰ፣ ምንጩም ጠራ። ያኔ ደምለው በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ወጣ። ከሩቅ ቆሞ ተጣራ።

«እመት አንጓች! እንደምን ዋሉ?»

ወደ ጎጆዋ ቀረቡ። ደጃፉ ከውጭ በእሾህ ተዘግቷል፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። መቼ ሄደች? ወዴት? ማን ይወቅ፤ የሚያነጋግራት ሰው አልነበረማ።

ዛሬም ከዚያ ምንጭ የሚቀዳ ሁሉ፣ እንስራም ይያዝ ጀሪካን፣ አስቀድሞ ወደ ጨፌው ዞሮ «እንደምን ዋሉ?» ይላል። ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆያል። ሳይቆይ የሚቀዳ ሰው በእኛ ዘንድ አይወደድም።