በጋዝ ያባረራቸው፣ በፍርፋሪ የጠራቸው

አንድ ሰው ነበረ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንዲት የጓሮ መደብ ሆነች። አፈሯን አለስልሶ፣ እግር እንዳይደርስባት ዙሪያዋን በእሾህ አጥሮ፣ የጎመን ዘር ዘራባት። ጠዋት ሳያያት ቁርስ አይቀምስም። ስሙን አስረስ እንበለው።

ታዲያ ምን ይሆናል? ጉንዳን መጣ። ከዚያ ሁሉ ግቢ መርጦ መርጦ እዚያችው መደብ መሐል ጎጆውን ቀለሰ። ዘሩንም እየለቀመ ወደ ጉድጓዱ አስገባው።

አስረስ አመድ ነሰነሰ፤ ሄዱ፣ ተመለሱ። የፈላ ውሃ ደፋ፤ ተመለሱ። ነጭ ጋዝ አፈሰሰ፤ ሽታው የእሱን ራስ አዞረው እንጂ እነሱ በሳምንታቸው ተመለሱ። ሁለቴ ዘራ፣ ሁለቴ ተበላ።

ሚስቱ ደብሪቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ሸተተ እኮ። ይኸው ሲሚንቶ አስመጥቻለሁ። ሦስተኛው ዘር ካልበቀለ መደቡ ይለሰናል፤ ልብስ ማስጫ ይሆነኛል» አለችው።

ሳይወድ በግዱ እሺ አለ። መደቧ ከተለሰነች ጠዋት ተነሥቶ ምን ሊያይ ነው?

በማግስቱ ከምሳ በኋላ በርጩማውን ይዞ ወጣና ጉንዳኖቹን አፍጥጦ ይመለከት ጀመር። አንዱ ከራሱ የሚበልጥ ሸክም ይዞ ሲያልፍ ነጠቀው። ዘሬ ነው ብሎ መነጽሩን አድርጎ ቢያየው፣ የእንጀራ ፍርፋሪ።

«ደብሪቱ፣ እዚህ ፍርፋሪ የሚጥለው ማን ነው?»

ደብሪቱ በሩ ላይ ሆና ሳቋ አፈናት። «አንተው ነህ እንጂ ማን ይሆናል? አሁን ማዕዱ ሲነሣ ትሪውን ይዞ የወጣው ማን ነበር?»

እውነቷን ነው። እናቱ «ልጄ፣ ፍርፋሪ አይረገጥም፤ እግር በማይደርስበት አራግፍ» እያሉ ነው ያሳደጉት። በዚያ ግቢ ደግሞ እግር የማይደርስበት ቦታ የት ነው? በእሾህ ያጠራት መደቡ ናታ። ጠዋት በጋዝ ያባርራል፣ ቀትር ላይ ግብር ያበላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርፋሪውን ከአጥሩ ማዶ፣ ድንጋይ ክምሩ ሥር አራገፈ። ጉንዳኖቹም ቀስ በቀስ ጎጆ ነቅለው እንጀራቸውን ተከትለው ሄዱ። ሦስተኛው ዘር በቀለ። ሲሚንቶው ከነጆንያው ደረቀ፤ ደብሪቱም ጎመኑን እየቀነጠሰች ልብስ ማስጫውን ረሳችው።

ወገኖቼ፣ በአስረስ ሳቃችሁ አይደል? እኔም ስቄያለሁ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። «አባታችን፣ ይህ ቂም አልለቀኝ አለ፤ ጸልዩልኝ» ትሉኛላችሁ። እጸልያለሁ። እናንተ ግን ከቅዳሴ ወጥታችሁ የዚያን የበደላችሁን ሰው ስም ስታነሡ ስትጥሉ ትውሉ የለም? ያደረጋችሁን ለእህታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ፣ ማታ ደግሞ ለራሳችሁ ትተርኩት የለም?

ቂም ከሰው ሁሉ መርጦ ለምን እናንተ ልብ ውስጥ ሰፈረ? ልባችሁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ለስላሳ ነው፤ ሌላ እግር አይደርስበትም፤ ምሳውም በሰዓቱ ይመጣለታል። ታዲያ ለምን ይሄዳል?

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጋዙን አስቀምጡት። ማዕዱ ሲነሣ፣ ትሪውን ይዛችሁ ወዴት እንደምትሄዱ እዩ።