ዋስ ያስጠራች ሚስኮል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላሚቱ ተሽጣለች። «ሃሎ» በሉኝ። ሃሎ ካላችሁ እነሆ።

እትዬ ታንጉት አንድ ወንድም ነበራቸው፤ ባያብል የሚባል። በእርሻ ድንበር ጠብ የጎረቤቱን ክንድ ሰብሮ ጅቡቲ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ንፉግነቱን አትጠይቁኝ፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ግማሹን ለነገ የሚያስቀር ሰው ነው። ሲሄድ እንዲህ ብሏቸው ነበር፦

«እቴትዬ፣ በስልክ ወሬ የለም፤ ወሬ ሂሳብ ይበላል። ሽማግሌዎቹ እርቁን እንቢ ካሉ አንዴ አስጠርተሽ ዝጊው፤ እዚያው እቀራለሁ። ከታረቅን ሁለቴ አስጠርተሽ ዝጊው፤ እመጣለሁ። እኔ እንደሆን አላነሳም። ከሰማሁሽ አንዴ አስጠርቼ እዘጋለሁ።»

ሦስት ዓመት ሽማግሌ ሲለመን፣ ሽማግሌ ሲኮራ፣ ትናንት እርቁ ወረደ። ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ እንዳወራው ግን ባያብል ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ጀልባ ተሳፍሮ ባሕር ሊሻገር ነው። ከተሻገረ ማን ያገኘዋል? እትዬ ታንጉት ሌሊቱን ተነስተው፣ ሁለት ወረዳ በእግራቸው አቋርጠው፣ ጉልበታቸውን መንገድ ላይ ጥለው፣ አራት ሰዓት ላይ ከይመኑ የኢንተርኔት ስልክ ቤት ደረሱ።

ይመኑ ቁጥሩን መታ። አንዴ ጠራ። ቋ! ተቋረጠ።

«ወየው! አንዴ ጠራ እኮ! አትምጣ ማለት እኮ ነው! ይመኑ ልጄ፣ ድገመው!»

«እንቢ አለኝ እትዬ። ርካሹ መንገድ ተበጠሰ። በውዱ እንዳንሄድ የቀረው ሂሳብ አንድ ደቂቃ አያናግርም። የሚሞላ ካርድ ደግሞ የሚመጣው ነገ ነው።»

«ማን ልናገር አለ? የምናገረው የለኝም! ሁለቴ ይጥራ ብቻ!»

«ለኔ ምን ይነግሩኛል? እዚያ ስልኩ ውስጥ ላሉት ይንገሯቸው» አለና ይመኑ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ አዛጋ።

እትዬ ታንጉት በርጩማ ላይ ዘፍ አሉ። እጀታውን ጆሯቸው ላይ ጫኑ። «አንተ ስልክ፣ ሁለቴ ጥራልኝ፣ ወንድሜ ይምጣልኝ።»

ስልክም «ሣጥን ካልከተፈ አልጠራም» አለ።

ሣጥን ማለት ጥሪውን እንደ ጎመን ከትፎ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ቋጥሮ፣ አድራሻ ጽፎ የሚልክ ነው። «አንተ ሣጥን፣ ክተፍልኝ። ስልክ አይጠራ፣ ባያብል አይመጣ!»

ሣጥንም «በረኛ ካልከፈተ የከተፍኩትን የት ልድፋው? አልከትፍም» አለ።

በረኛ ማለት ጥሪውን ወደ ውጭ መስመር የሚያሳልፍ ነው። «ጋሼ በረኛ፣ ክፈትልኝ። ሣጥን አይከትፍ፣ ስልክ አይጠራ፣ ባያብል አይመጣ!»

በረኛም «መንገድ መሪ ካላሳየኝ በየት በኩል ልክፈት? አልከፍትም» አለ።

መንገድ መሪ ማለት የቁጥሩን ግንባር አይቶ «ይህ የጅቡቲ ነው፣ ይህ የወዲያኛው አገር» የሚል ነው። እትዬ ታንጉት እጀታውን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዛወሩ፤ የመጀመሪያው ደክሞታል። «አንተ መንገድ መሪ፣ አሳይልኝ። በረኛ አይከፍት፣ ሣጥን አይከትፍ፣ ስልክ አይጠራ፣ ባያብል አይመጣ!»

መንገድ መሪም «ርካሿ ተበጥሳለች። ውዷን ደግሞ ሂሳብ ሹም ካልፈቀደ አላሳይም» አለ።

አምስት ሰዓት ሆነ። «የኔ ጌታ ሂሳብ ሹም፣ ፍቀድልኝ። መንገድ መሪ አያሳይ፣ በረኛ አይከፍት፣ ሣጥን አይከትፍ፣ ስልክ አይጠራ፣ ባያብል አይመጣ!»

ሂሳብ ሹምም «ዋጋ መዝገብ ዋጋውን ካልነገረችኝ ምኑን ልፍቀድ? አልፈቅድም» አለ።

እትዬ ታንጉት ተነፈሱ። ትንፋሻቸውም ደክሟት መሬት ላይ ተቀመጠች። «እሜቴ ዋጋ መዝገብ፣ እባክሽ ንገሪው። ሂሳብ ሹም አይፈቅድ፣ መንገድ መሪ አያሳይ፣ በረኛ አይከፍት፣ ሣጥን አይከትፍ፣ ስልክ አይጠራ፣ ባያብል... ኧረ በቃኝ፣ ባያብል አይመጣ!»

ዋጋ መዝገብ ገጿን ገለጥ አደረገች። «ይነሳል ወይስ አይነሳም?»

«ምኑ?»

«ስልኩ። እኔ የምቆጥረው ከተነሳ ወዲያ ነው። ሲጠራ ቢውል ዋጋ የለውም።»

«እሰይ! አይነሳም!»

«እንዲያ ይላሉ፤ ከዚያ ይነሳል፣ እኔ አፍራለሁ። እንደማይነሳ ዋስ ጥሪ።»

አምስት ተኩል ሆነ። የሚያውቁት ሰው ሁሉ ሁለት ወረዳ ወዲያ ነው። ይመኑ ያንኮራፋል። እትዬ ታንጉት ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ቆዩ፣ ቆዩና ቀና አሉ።

«ዋሴ የባያብል ንፍገት ነው!»

«ምን ይባላል ይሄ?»

«በሠርጉ ቀን ጫማዬ ያልቃል ብሎ በሚዜው ጀርባ ታዝሎ ሙሽራዋ ቤት የገባ ሰው ነው! እሱ ነው ስልክ የሚያነሳ?»

ዋጋ መዝገብ ቅጠሏ እስኪረግፍ ሳቀች። «እንዲህ ያለ ዋስ ቀርቦልኝ አያውቅም» ብላ አንድ ድብልብል ዜሮ ጻፈች።

ያኔ ዋጋ መዝገብ ነገረች፣ ሂሳብ ሹም ፈቀደ፣ መንገድ መሪ አሳየ፣ በረኛ ከፈተ፣ ሣጥን ከተፈ፣ ስልክ ጠራ!

አንዴ።

እትዬ ታንጉት ጣታቸውን መዝጊያው ላይ አደረጉ። ሦስት ዓመት ድምፁን አልሰሙም። «አንሳው» አለ ሆዳቸው። «ዋሴን እንዳታዋርድብኝ» አለ አፋቸው።

ሁለቴ።

ጣታቸው እንቢ አለ። ልትጠራ የነበረችው ሦስተኛዋ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ዘጉት።

ከዚያ ዝም። ቤቱ ዝም፣ ሽቦው ዝም። ቅድም የተቋረጠችውን አንዷን ብቻ ቆጥሮ ሄዶ ይሆን? ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀረው። እትዬ ታንጉት ነጠላቸውን ለቀም አድርገው ሊነሱ ሲሉ፣ ጉልበታቸው መልሶ አስቀመጣቸው።

ደግ አደረገ። ስልኩ ጠራ።

ይመኑ ከእንቅልፉ ባንኖ እጁን ሰደደ። እትዬ ታንጉት ያችን ያለቀች ጉልበታቸውን ሰብስበው እጁን በጥፊ አሉት። «እንዳትነካው!»

ስልኩ አንዴ ጠርቶ ዝም አለ።

«ማን ነው?» አለ ይመኑ እጁን እያሸ።

«የሚመጣ ሰው ነው» አሉ እትዬ ታንጉት፤ እዚያው በርጩማው ላይም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ተረቴም ሁለቴ ጠርታ ተዘጋች። ያላነሳችሁ፣ ሂሳብ የለባችሁም።