ባዶው ጨርቅ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ አይደለም። የትኛው ሀ የትኛው ቃል ላይ እንደሚገባም ሁልጊዜ ይምታታብኛል። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው ትምህርት ያቆምኩት። የተሳሳትኩትን እያረማችሁ አንብቡልኝ። ታሪኩ ረጅም አይደለም፤ አንብባችሁ ለሌላ ሰው ብትነግሩት ደስ ይለኛል።

አንድ መካኒክ ነበሩ። ጋሽ ይመር ይባላሉ። ተዳፋት ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም፤ ቤታቸውም የኪራይ ነበር። ያላቸው ሀብት ስማቸው ብቻ ነው። «የይመር እጅ ያሰረውን ይመር ካልፈታው አይፈታም» ይባልላቸው ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ጋራዡን ተዉ፤ የሰፈር ሰው ሲቸገር ግን መፍቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሲሄዱ ጀርባቸው ቀና ይላል።

ጋሽ ይመር አንድ የማይለውጡት ልማድ ነበራቸው። ሥራ ሲጀምሩ ከመኪናው አጠገብ ነጭ አቡጀዲ ጨርቅ ያነጥፋሉ። የፈቱትን ሁሉ፣ ትልቁን ቡሎንም ትንሿን ሮንዴላም፣ በተፈታበት ተራ ጨርቁ ላይ ይደረድራሉ። ሲገጥሙ ከመጨረሻው ይጀምሩና ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ጨርቁ ባዶ ሳይሆን ሞተር አይነሳም።

«ጭንቅላቴ ይረሳል፤ ጨርቄ አይረሳም» ይላሉ።

ጎረቤታቸው ደምሌ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ደምሌ ጨርቅና የተሰፋ ልብስ የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። የመኪናዋ የማርሽ ዘንግ ከሥሩ ተበልቶ ላላ። ሁለተኛ ሲፈልግ አራተኛ ይገባለታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የትም አይገባም።

«የያዝኩት ማርሽ አይደለም፤ ገንፎ ውስጥ የተተከለ ማማሰያ ነው» እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሌላ አገልግሎቷን ከጨረሰች ተመሳሳይ መኪና ላይ የተነቀለ ደህና ዘንግ አገኘ። ይዞት መጣና በአጥሩ ላይ ተጣራ።

«ጋሽዬ፣ ያችን ምስኪን ያድኑልኛል?»

«የቷን ምስኪን? መኪናዋን ነው ወይስ ስንዱን?» አሉ ጋሽ ይመር። ስንዱ የደምሌ ሚስት ናት።

«ስንዱማ ማርሿ ደህና ነው። የኋላ ማርሽ ብቻ ነው ያልተሠራላት።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ስንዱ ከጓዳ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ደምሌ ግቢ ውስጥ ተጀመረ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደረገ። ጨርቁ ተነጠፈ። የደምሌ ልጅ ከዋዜማው አጥባው ስለነበር በረዶ መስሏል። ይህች ልጅ ሰው ፊት ቃል የማይወጣት ናት፤ እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ ትቆማለች።

ደምሌ ከውስጥ ሆኖ የድሮውን ዘንግ እጀታና የላስቲክ ልባሱን አወለቀ። ጋሽ ይመር መኪናው ሥር ተንፏቀው ገቡና ዘንጉን ከማርሹ ሳጥን፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ፈቱ። ብረቱን ከቦታው እንዳይንሸራተት የምትይዘው ኮፒሊያ የምትባል፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ የተጣጠፈች ሽቦ ናት። በመጀመሪያ የወጣችው እሷ ስለሆነች ጨርቁ ላይ የመጀመሪያዋ ሆነች። ስትገባ ደግሞ የመጨረሻዋ ናት።

አሮጌው ዘንግ ወጣ፤ ሌላው ገባ። አራቱ ቡሎኖች ታሰሩ፤ አገናኙ ብረትም በቦታው ገባ።

«አንደኛ አስገባ!» አሉ ጋሽ ይመር ከሥር።

«ገባ!»

«ሁለተኛ!»

«ገባ! ኧረ ጋሽዬ፣ ቅቤ ሆነ እኮ!»

ጋሽ ይመር በብረቱ ጫፍ ላይ ቀለበቷን ሮንዴላ እያለበሱ ሳለ የስንዱ ወንድሞች ከገጠር ደረሱ። ሰላምታው፣ መሳሳሙ ግቢውን ሞላው። ምሳ ቀርቧል ተባለ።

«እናንተ ብሉ፤ እኔ እጨርሳለሁ» አሉ ጋሽ ይመር።

«እንግዳ ቆሞ እየጠበቀ እርስዎ መኪና ሥር? ይሄ ነውር ነው!» አለ ታላቁ ወንድም። እግራቸውን እየሳበ አወጣቸው። ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በአርባ ዓመት ውስጥ ያልተጠናቀቀ ሥራ ትተው ወደ ማዕድ ሲነሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቷ እጅ አስታጥባ ግቢው ውስጥ ቀረች።

ምሳው ረዘመ። ጨዋታው ከምሳው ይበልጥ ረዘመ። ሲመለሱ ጋሽ ይመር መኪናው አጠገብ ቆመው አሰቡ። ኮፒሊያዋን አስገብተው ነው የወጡት ወይስ ሳያስገቡ? አላስታወሱም። የፈሩት እርጅና ይህ ነበር። ጨርቁን አዩት። ምንም የለበትም። እንዲያም ሆኖ በእጃቸው ሊዳስሱ ወደ መሬት ጎንበስ አሉ።

«ምነው ጋሽዬ፣ ደግሞ ሊገቡ ነው?» አለ ደምሌ መሪውን እንደያዘ። «ጨርቁ ምን ይላል?»

«ጨርቁ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ጨርቅዎን አያምኑም? አርባ ዓመት ስንሰማው የኖርነው ተረት ነበር እንዴ?»

አማቾቹ ሳቁ። ጋሽ ይመርም ሳቁና ቀና አሉ። ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሞተሩ ተነሳ፤ ሁሉም አጨበጨበ።

መኪናዋ ቅዳሜ ሄደች፤ እሑድም ሄደች። ሰኞ ጠዋት ደምሌ ወደ ገበያው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ሳለ ዘንጉ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። ማርሹን ዝቅ ለማድረግ ቢገፋው ቢስበው የሚይዘው ነገር የለም። ፍሬኑም እንደ መኪናዋ ያረጀ ነበርና ሊያቆማት አልቻለም። የወፍጮ ቤቱ ግንብ አቆማት። እግዚአብሔር ይመስገን መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። የደምሌ ቀኝ እጅ ግን ሦስት ቦታ ተሰበረ።

መኪናዋን የጎተቷት የጋራዥ ልጆች ከሥር አይተው «ኮፒሊያ የለውም» አሉ። ይህች ቃል ከመኪናዋ ፈጥና ከተማውን አዳረሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ደምሌ ቤት ተቀመጡ። እጁ በጀሶ ታስሮ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል።

«ክስ የለኝም» አለ። «ግን መርፌ በምኔ ልያዝ? ሐኪሙ ጣቶችህ ከእንግዲህ አይታጠፉም ብሎኛል።»

«ይመር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ጋሽ ይመር ጨርቁን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ጥያቄዬ አንድ ናት። ከምሳ ስንመለስ ጨርቁ ባዶ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ባዶ ነበር» አለ ደምሌ። አማቾቹም ባዶ ነበር ብለው መሰከሩ።

«ምሳ ስትበሉ ግቢ ውስጥ የቀረ ሰው የለም?» አሉ ሽማግሌው።

ሁሉም በር ጥግ ወደቆመችው ልጅ ዞሩ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ልጅቱን አታስጨንቋት» አሉ ጋሽ ይመር። «ከጨርቄ ጋር ምን አገናኛት? ጨርቁ ባዶ ከነበረ ኮፒሊያዋን የጣልኳት እኔ ነኝ። የት እንደጣልኳት አላውቅም። የማያውቅ እጅ ደግሞ የሰው መኪና መንካት የለበትም።»

ተነስተው፣ ልጃቸው ሊሆን በሚችል ሰው እግር ሥር ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ደምሌ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ በአጥሩ ላይ «ጋሽዬ!» የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ማንም አልሰደባቸውም። መጥራት ብቻ ነው የተዉት። መፍቻዎቻቸውን ለጋራዥ ልጆች ሰጡና አንድ ቡሎንና አንድ ዳዶ ብቻ አስቀሩ። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው እነዚያን ያስራሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግመው ያስራሉ። የደምሌ ልጅ ውሃ ይዛ ስታልፍ ይጠሯታል።

«እስቲ ነይ እዪልኝ የኔ ልጅ፤ ጠብቋል?»

ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ አዎን ትላለች።

አንድ ቀን ጨርቁን አጥፈው ሰጧት። «ውሰጂው፤ ዕቃ መጥረጊያ ይሁንሽ። አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ። ዝም የሚል ሰው ማንንም አይጎዳም» አሏት።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ሰዉ «እጃቸው ወርቅ ነበር፤ በመጨረሻ ከዳቸው እንጂ» ይል ነበር። አፈር እየተመለሰባቸውም ይህንኑ ይል ነበር።

ትልልቅ ሰዎች ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ግን ዝምታም ይነቅዛል። ነቀዙ የሚበላው ግን የዝምተኛውን ጎተራ ሳይሆን የጎረቤቱን ነው። በጊዜው ቢነገር የአንድ ደቂቃ ሐፍረት ብቻ የነበረ ቃል፣ ካለፈ በኋላ የአንድን ሰው አርባ ዓመት ይወስዳል። እናንተስ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ለባለቤቱ ያልመለሳችሁት ነገር የለም?

እዚህ ላይ ላቆም አስቤ ነበር። ግን ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ደምሌ አባቴ ነው። የሚቀጥለውን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

እነሱ ምሳ ሲበሉ ዶሮዋ ጨርቁ ላይ ወጣች። የምታብረቀርቀዋን ሽቦ ልትለቅም ስትል ደርሼ አባረርኳት። ኮፒሊያዋን እንዳትጠፋ ብዬ አነሳኋትና በእጄ ጨበጥኳት። ጋሽ ይመር ሲወጡ እሰጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሲወጡ ግን አጎቶቼ ከበዋቸው ይስቁ ነበር። በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ገብቼ መናገር አፈርኩ። «ጨርቁ ባዶ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ምን ማለት እንደሆነም አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ሲዞሩም ኮፒሊያዋ እጄ ውስጥ ነበረች።

አሁንም አለች። በሰጡኝ ጨርቅ ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አስቀምጫታለሁ።

ጋሽ ይመር፣ እጅዎ አልከዳዎትም። ጨርቁ ባዶ አልነበረም።