ድኩላዋ የሰማችው ፉከራ

ፊታውራሪ አሰጋኸኝ ድኩላ ሊያድኑ ወጥተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ይህ አምስተኛ ቀናቸው ነበር። ሳይፎክሩ መተኮስ የሌባ ሥራ ነው ይላሉ። ስለዚህ ድኩላዋ ፊት ቆመው ከራሳቸው ስም ጀምረው፣ አንበሳ ገዳይ አባታቸውንና አያታቸውን ጠርተው ሲያበቁ ነው ቃታ የሚስቡት። ዛሬም ሳቱ። አሽከሮቻቸው «ነፋሱ ነው፣ ፀሐይዋ ናት» እያሉ ሲያባብሏቸው ተናደዱና ምላሰኛውን ጠመንጃ ያዣቸውን ጠሩት።

«አንተ፣ እንዴት ብተኩስ ነው የምመታት? በዓይኔ ብታሳብብ ትገረፋለህ። ይህ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ የአባቴ ነውና በእሱም ብታሳብብ ትገረፋለህ። ዝም ብትልም አለንጋው አይቀርልህም!»

ሰውየው እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ዓይንዎም ጠመንጃዎም እንከን የላቸውም። የሚዘገዩት እርስዎ ነዎት። ‹እኔ አሰጋኸኝ!› ሲሉ ድኩላዋ ቀና ብላ አየት ታደርግዎትና ወደ ቅጠሏ ትመለሳለች። ‹የሽብሩ ልጅ!› ሲሉ ጆሮዋን ታቆማለች። ‹የመርዕድ የልጅ ልጅ!› ሲሉ ትፈረጥጣለች። ከእንግዲህ የራስዎን ስም እንደጠሩ ይተኩሱ፤ በእሱ የደነገጠች ድኩላ እስከ ዛሬ አላየሁም።»