ያልነበረችው ድመት

የከተማዋ ስም ይቅርብን፤ አሮጌ ናት፣ መንገዷም ጠባብ ነው። በመስጂዷ አጠገብ ሼህ አብዱሰመድ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ቁርአን በእጃቸው ይጽፋሉ። ያን ዓመት ለመስጂዱ የሚሆን አንድ ቁርአን ለረመዳን ሊያደርሱ በልባቸው ነይተው፣ በደከመ ዓይናቸው ስምንት ወር ደክመውበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲመለሱ ቀለሙ ተደፍቶ ከጻፉት ውስጥ አሥራ አንድ ቅጠል ጠቁሮ አገኙ። ምንጣፉ ላይ የትንሽ እግር ዱካ ነበር። ወዲያው ጎረቤታቸው አህመዲን የአምስት ዓመት ልጁን መፍቱሃን እየጎተተ ገባ። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል፤ አባትዬው በሌላ እጁ አርጩሜ ይዟል።

«ያ ሼህ፣ ይቅጡልኝ። ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ» አለ፤ የዚያ አገር ወላጅ ልጁን ለሼህ ሲሰጥ እንደሚለው።

«መፍቱሃ፣ ማን ደፋው?» አሏት።

ልጅቱ አርጩሜውን አየችና «ድመቷ» አለች።

ሼሁ ድመት ኖሯቸው አያውቅም።

«ጭራሽ ትዋሻለች!» ብሎ አህመዲን እጁን አነሳ።

«ቆይ። መጀመሪያ ወጥተህ ታጠብ፣ ውዱእ አድርግ» አሉት ሼሁ።

«ውዱእ አለኝ፣ ያ ሼህ።»

«ያ ለሶላትህ ነው። ይሄኛው ለቁጣህ ይሁን።»

የሼህ ቃል አይመለስምና እያጉረመረመ ወጣ። ሼሁ ከልጅቱ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «አልመታሽም። እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ።»

«አሊፍ ልጽፍ ብዬ...» ብላ ጀመረች። አህመዲን ክንዱ ውሃ እያንጠባጠበ፣ አርጩሜውን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ታየ። መፍቱሃ አርጩሜውን አይታ «ድመቷ ናት» አለች።

«አየህ አህመዲን፣ እውነቱ ወጥቶ ነበር። አርጩሜህን አይቶ ተመለሰ።»

አህመዲን ተጨነቀ። «ታዲያ ዝም ልበላት? ባለጌ ሆና ትደግብኝ?»

«ዝም በላት አላልኩም። አርጩሜውን ከጫማህ ጋር ውጭ ተወውና ግባ።»

ተወው። ገብቶ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። መፍቱሃም ባዶ እጁን አይታ «እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች።

«እውነት ተናገርሽ፤ ጎበዝ» አሉ ሼሁ። «የደፋሽውን ቀለም ግን አንቺው ትመልሻለሽ።»

ከአባቷ ጋር ምንጣፉን አጠበች። ሰባት ቀን፣ ጓደኞቿ ሲጫወቱ፣ ከየጎረቤቱ ድስት ጥላሸት እየፋቀች አመጣች፤ ቀለም እስኪሆን ከሙጫ ጋር አማሰለች። በሁለተኛው ቀን እንቢ ብላ ተነጫነጨች። ሼሁ አልተቆጡም፣ ግን አልለቀቋትም፤ እስክትረጋ ጠብቀው ማማሰያውን ሰጧት። በስምንተኛው ቀን የመጻፊያ ሉህ ሰጥተው የመጀመሪያውን ፊደል አሊፍን አስያዟት።

ቁርአኑ ለረመዳን አልደረሰም። የመስጂዱ ጀማዓ በአሮጌው ቁርአን ቀራ፤ ሼሁም ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። አላህ ይዘንላቸው፣ እንዲህ ያለ ሰብርና ትዕግሥት እኔ ዘንድ የለም፤ ለአንድ የተሰበረ ብርጭቆ ስንት ጊዜ ልጅ ላይ ጮኼያለሁ።

አህመዲን ግን ሲከነክነው ቆይቶ «አንድ ጊዜ ብትገረፍ አይሻልም ነበር?» አላቸው።

«ልጅህ የምትፈራው አርጩሜን ከሆነ፣ አርጩሜ በሌለበት ማንን ልትፈራ ነው?» አሉት።

ልጅ አማና፣ የአላህ አደራ ነው። አላህን እንድታውቅ የተሰጠችንን ልጅ ዱላን ብቻ አስተምረን ብንመልስ ምን እንላለን? እስቲ ዛሬ ቤታችን ስንገባ እንይ፤ ስንቱ ጥፋት ነው በሌለች ድመት የሚሳበበው? ያቺን ድመት ያመጣናት እኛ ነን።